ለአጎቴ የተውኳት ጠመንጃ

ሄምሎክ ቤይ፣ ሚሺጋን
ሴፕቴምበር 8 ቀን 2017

ለእህቴ ልጅ ለአይላ፣

ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በደህና ይድረስሽ። ለመሆኑ ጃፓን እንዴት አድርጎ ተቀበለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጆሮዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬማ የቆየ በሽተኛ ነው። በጎረምሳነታችን ጆሯችንን ሳንሸፍን ስንተኩስ የኖርን ሁሉ ይኸው ዛሬ እርስ በርስ እየተጯጯህን እንኖራለን። ባለፈው እሑድ ስትደውዪ አንስቼው ነበር፤ ብታለቅሺም ብትስቂም ለእኔ ያው የንብ ድምፅ ነው። አትድከሚ፣ ጻፊልኝ። ዓይኔ ገና ይሠራል።

አደራሽን እየተወጣሁ ነው። ትናንት ሐሙስ ስለነበር ያቺን የሽጉጥ ጥይት የምትተኩስ አጭር ጠመንጃሽን ይዤ ወደ ተኩስ ክበቡ ወረድኩ። ክላይድ ቦሼይ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «አርቮ መጣ! የልጅቷን መጫወቻ አንጠልጥሎ!» ብሎ ጮኸ። እሱ ያንን የአጋዘን ጠመንጃውን ደግኖ አንዷን ጥይት በሁለት ዶላር ይተኩሳል። «አንተ አሥር ተኩሰህ ትከሻህን እያሸህ ትገባለህ፤ እኔ በዚያው ገንዘብ የሽጉጥ ጥይት ሁለት ሳጥን ጨርሼ እስቅብሃለሁ» አልኩት። ሳቁ ሁሉ። እውነቴን ነው፤ ለሽማግሌ ትከሻና ለሽማግሌ ኪስ እንዳንቺ ጠመንጃ የሚስማማ የለም። ከሃምሳው አርባ ስድስቱን የብረት ሰሌዳው ላይ አሳረፍኩ። የብረቱ ድምፅ አይሰማኝም፤ ሲወዛወዝ ግን አየዋለሁ።

አንድ ስሞታ አለኝ። ሁለት ጊዜ ቀለሁን አልተፋም ብላ አስቸገረችኝ። ቤት ገብቼ ፈታትቼ፣ ሞላውን አውጥቼ፣ ሁሉንም በዘይት ዘፈቅኩት። አቤት ጥቀርሻዋ! የባሩዱ ጭስ ግማሹ ወደ ውስጥ ይመለሳል መሰለኝ፤ እንደ ጋራዥ ሠራተኛ እስከ ክርኔ ጠቆርኩ። ወረቀቱ ዳር ላይ ያለው ጥቁር ነገር አውራ ጣቴ ነው። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤም አልለቀቀኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ቤቱ ደህና ነው። አክስትሽ ሊምፒ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የተከለችው ፖም ዘንድሮ ጎንበስ እስኪል አፍርቷል። የሚለቅመው ስለሌለ አጋዘኖቹ ይበሉታል።

አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ።
አጎትሽ አርቮ ኬስኪ

*

ናጎያ፣ ጃፓን
ሴፕቴምበር 22 ቀን 2017

ለምወድዎትና እንደ አባት ላሳደጉኝ ለአጎቴ ለአርቮ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ መከረኛ ጆሮዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ጥቁሩን አውራ ጣትዎን አሸተትኩት፤ እውነቴን ነው። የጠመንጃ ዘይት ይሸታል። ክፍሌ ቤት ቤት ሸተተኝ።

አጎቴ፣ ጠመንጃ እኮ ናት፣ ሰላጣ አይደለችም! ዘይት ውስጥ አይዘፈዝፏትም። ቀለህ አልተፋም ያለችዎ ስለቆሸሸች ነው። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጥቀርሻውን ይጥረጉ፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰውን ብረት አፉን በድሮ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት፤ ከዚያ እዚህ አንድ ጠብታ፣ እዚያ አንድ ጠብታ። በቃ። ብርዱ ሲመጣ የበዛ ዘይት እንደ ማር ይረጋና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያሳፍርዎታል፤ ክላይድ ደግሞ እስከ ፋሲካ አይለቅዎትም።

እዚህ የፍሬን ዕቃ ፈትሼ «ደህና ነው» የሚል ወረቀት እለጥፋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአፌ የሚወጣው «እንደምን አደራችሁ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ አጠገቤ ለምትቀመጠው ለኩሚኮ በክበቡ የተነሳነውን ፎቶ አሳየኋት። ጠመንጃዋን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። «ወታደር ነበርሽ?» አለችኝ። በእንጨት መሰንጠቂያው ቤት ባገኘሁት የመጀመሪያ ደሞዝ የገዛኋት ከአጎቴ ጋር ሐሙስ ሐሙስ በርካሽ እንድንተኩስ ነው ብል በምን ቋንቋ ትረዳኝ? አክስቴ «ውጡልኝና ቤቴን ልጥረግ!» እያለች በመጥረጊያ ታስወጣን እንደነበር በምን ቋንቋ ላስረዳት? ፎቶውን መልሼ ከተትኩት።

ምን እንደሚበሉ አልጻፉልኝም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ? እንቅልፍስ? ከፈለጉኝ ለገና ፈቃድ እጠይቃለሁ። የሐሙስ ውጤትዎን ግን ሳይረሱ ይላኩልኝ፤ ሳምንቴን የምቆጥረው በእሱ ነው።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።
አይላ

*

ሄምሎክ ቤይ
ኦክቶበር 13 ቀን 2017

ለአይላ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ከሃምሳው አርባ ስምንት። ዘይቱን እንዳልሽው ቀንሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላስቸገረችኝም።

ጀልባዋን ለቄሱ ልጅ ሰጠሁት፤ ወጣት ነው፣ ይቅዘፍባት። የሊምፒን የስፌት መኪናም ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሰጠሁ። ቤቱ ቀለል ሲል ደስ ይላል። የጠመንጃሽን ደረሰኝ የት እንዳስቀመጥሽው ጻፊልኝ፤ ነገር በየቦታው ቢሆን ለሁሉም ይመቻል።

ለገና አትምጪ። ትኬቱ እሳት ነው፤ አንቺም እዚያ ገና መሥራት መጀመርሽ ነው። ለእኔ ምንም አልጎደለኝም።

ይባርክሽ።
አርቮ

*

ናጎያ
ኦክቶበር 27 ቀን 2017

ለምወድዎት አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። አርባ ስምንት! ደብዳቤውን ባቡር ውስጥ ከፍቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቦታ ቀየሩ። እርስዎ በሕይወትዎ አርባ ሰባትን አልፈው አያውቁም እኮ! ክላይድ ምን አለ? ቃል በቃል ይጻፉልኝ፤ እዚህ የሚያስቀኝ ሰው የለም።

ጀልባዋን ግን ምነው? ሁለት ክረምት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ጎንበስ ብለው የሠሯትን? እኔ ስመጣ በምን ዓሣ ልናጠምድ ነው? ይሁን፣ የእጅዎ ሥራ ነው፤ የፈለጉትን የማድረግ መብት አለዎት። ደረሰኙ ወጥ ቤት፣ ከማንኪያዎቹ በታች ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ለምን እንደፈለጉት ግን አልገባኝም። ሊሸጧት ነው? ከሆነ ይንገሩኝ፣ አልቆጣም። ብቆጣ እንኳ ከዚህ ምን አደርግዎታለሁ?

ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። ስለ ሐይቁም ቢሆን፣ ስለ ፖሙም ቢሆን ይጻፉልኝ። ለገና ልምጣ ወይ ብዬ እንደገና እጠይቅዎታለሁ።

ያሳደጓት ልጅዎ
አይላ

*

ሄምሎክ ቤይ
ኖቬምበር 13 ቀን 2017

ለአይላ፣

እንደምን አለሽ?

ክላይድ ምንም አላለም። ያለፈው ሐሙስም አርባ ስምንት ነው። ጠመንጃሽ ንጹሕ ናት፤ ሳጸዳት ጨርቁ ነጭ ሆኖ ገብቶ ነጭ ሆኖ ወጣ። አልሸጥኳትም። ደረሰኙን አግኝቼ አብሬ አስቀምጬልሻለሁ፤ ማንም ቢያገኘው ያንቺ መሆኑን ያውቃል።

ከነገ ወዲያ የአጋዘን አደን ይከፈታል። ዘንድሮ አልወጣም። በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል።

አትምጪ ብዬሻለሁ። የምጽፈው ነገርም እያለቀብኝ ነው። ጥሩ ልጅ ነበርሽ፤ እኔም ሊምፒም ካንቺ ክፉ ነገር አላየንም።

ደህና ሁኚ።
አርቮ

*

ናጎያ
ኖቬምበር 24 ቀን 2017

አጎቴ፣

ሰላምታውንም ምርቃቱንም ዛሬ ይተውልኝ።

ደብዳቤዎ ዛሬ ማለዳ ደረሰኝ። «ጥሩ ልጅ ነበርሽ» የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ሥራ አልሄድኩም። የላኩልኝን ሁሉ አውጥቼ መሬት ላይ ደረደርኩት። የሴፕቴምበሩ በአውራ ጣትዎ ጠቁሯል። የኦክቶበሩ ነጭ ነው። የኖቬምበሩ ከሱም ይነጣል። ያቺን ጠመንጃ ሰባት ዓመት ያጸዳኋት እኔ ነኝ። ሃምሳ ጥይት ተኩሳ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ አልተኮሰችም። ሐሙስ አይሄዱም። አርባ ስምንቱም ውሸት ነው። እኔን ደስ ለማሰኘት ነው አይደል? ደህና ነው ብዬ እንድተኛልዎ።

ጀልባዋ ተሰጠች። የስፌት መኪናዋ ተሰጠች። ደረሰኙ ተገኘ። አደን ቀረ። እኔ እዚህ ተቀምጬ «ደህና ነው» የሚል ወረቀት ስለጥፍ እርስዎ ቤትዎን እየጠረጉ ኖሯል።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፣ ስለዚህ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። ራስዎን ለመግደል እያሰቡ ነው ወይ?

ተሳስቼ ከሆነ ይሳቁብኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ይሳቁብኝ፣ ደስ ይለኛል። ካልተሳሳትኩ ግን ይስሙኝ። የክላይድ ልጅ በመኪና አደጋ የሞተ ጊዜ ያደረጉትን አስታውሳለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ብርድ ልብስ ይዘው ቤቱ ሄዱና «ዝገት ሳይዛቸው ላጽዳልህ» ብለው ጠመንጃዎቹን በሙሉ ጠቅልለው አመጡ። በረዶው እስኪቀልጥ የእኛ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ከረሙ። «ለምን?» ብዬ ብጠይቅዎ፣ «ሰው ሲከብደው ጎረቤቱ ይይዝለታል፤ እኛ አገር ይኸ አይወራም፣ ይደረጋል» አሉኝ። ክላይድም አልጠየቀ፣ እርስዎም አልተናገሩ፤ በጸደይ አንድ በአንድ ዘይት የነካቸው ሆነው ተመለሱለት።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ለክላይድ ደውያለሁ። ከአንድ ደቂቃ በፊት ነው ስልኩን የዘጋሁት። እናንተ ጋ የምስጋና ቀን ነው፣ ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል፤ እኔ ግን አላፈርኩም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እሱ መጥቶ ሄዷል። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ። የእኔንም፣ የአደኑንም፣ ሁሉንም ይስጡት። ሐኪም ጋም ይሂዱ። ጠመንጃዋን የተውኩልዎ ሐሙስ ሐሙስ ሰው መሃል እንዲውሉ ነበር እንጂ ከእሷ ጋር ብቻዎን እንዲቀመጡ አልነበረም።

እኔ ከእርስዎ ሌላ ማንም የለኝም። ይኸንን ነግሬዎት አላውቅም፤ የሚታወቅ መስሎኝ ነበር።

አይላ

*

ሄምሎክ ቤይ
ዲሴምበር 8 ቀን 2017

ለልጄ ለአይላ፣

ሰላም፣ ጤና፣ የልብ ዕረፍት ይስጥሽ። ያስደነገጥኩሽን ያህል ይካስሽ።

በመጀመሪያ፣ አንቺ ምን ዓይነት መርማሪ ነሽ? ሰው እጁን ታጥቦ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም? ብዬ ልከራከርሽ ነበር። ግን ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። አንቺን ሁለት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፤ ሦስተኛው አይወጣልኝም።

አዎ፤ አስቤ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ክላይድ የመጣ ቀን እንዲህ ነው የሆነው። ማንኳኳቱን ስለማልሰማ ዝም ብሎ ገባ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ በረዶ፣ በአንድ እጁ በፎይል የተሸፈነ ሳህን፣ በሌላው ብርድ ልብስ። ብርድ ልብሱን ሳይ ገባኝ።

«የበዓል ቱርክ ዶሮህን ትተህ ምን አመጣህ?» አልኩት።

«ጠመንጃዎችህን ዝገት ይዟቸው እንደሆነ ለማየት ነው» አለ።

«ማን ዝገት አለህ?»

«ጃፓን» አለ። «ጃፓን ደውላ ነገረችኝ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ተበላሸና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሳህኑን ፊቴ አስቀምጦ ተቃራኒዬ ተቀመጠ። በመጨረሻ በቀስታ፣ «መኖር ሰልችቶኛል» አልኩት።

«ምን አልክ?» አለኝ።

እሱም ያው ደንቆሮ ነው እኮ! ያንን ቃል አንዴ ለማውጣት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ ሰውዬው አልሰማኝም። «መኖር ሰልችቶኛል!» ብዬ ጮህኩ።

«ጮክ በል፣ ጆሮዬ እኮ…»

«መኖር ሰለቸኝ፣ ክላይድ!» ብዬ ቤቱ እስኪናወጥ ጮህኩበት። የጎረቤት ውሻ እንኳ ሳይሰማኝ አልቀረም። ክላይድ እጄን ያዘ። «በቃ፣ ሰምቻለሁ» አለ። «እኔም ያኔ እንደዚያ ነበርኩ። ብላ፣ ይበርድብሃል።» በላሁ። እሱ እያየኝ፣ እያለቀስኩ በላሁ። አምስቱንም ጠመንጃ ጠቅልሎ ወሰደ። ጥይቱንም፣ ደረሰኙንም ሳይቀር።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሊምፒ ስለሌለች ላንቺ ነው የምነግረው። በሴፕቴምበር መጨረሻ በዋለው ሐሙስ አርባ ሰባት መታሁ። እንደ ልማዴ በሩን ከፍቼ «ሊምፒ፣ አርባ ሰባት!» አልኩ። እሷ እኮ ከየትኛውም ክፍል ብትመልስልኝ አልሰማትም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሜ መጥታ ፊቴ እስክትቆም እጠብቃለሁ። ቆምኩ። ጠበቅኩ። መሞቷን ረስቼው አይደለም። አውቃለሁ። እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ብርዱ ሲገባ ሲገባ፣ መጨረሻ ላይ ነፋስ ያመጣው ቅጠል ወለሉ ላይ እንደ መጠነኛ ምንጣፍ ተነጠፈ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሐሙስ አልወጣሁም። ከሐሙስ ቀጥሎ እሑድ ቀረ፣ ከእሑድ ቀጥሎ ሁሉም ቀረ። ጠመንጃሽን ግን በየቀኑ እወለውላት ነበር። ሳትተኩስ። ንጹሕ የሆነችው ለዚያ ነው። ጨርቁን ይዤ ጠረጴዛው ጋ ስቀመጥ ምን ምን እንደማስብ አልጽፍልሽም፤ አሁን ስለማላስበው ሳይሆን አንቺ ልጅ ስለሆንሽ።

የክላይድ ሚስት ሮዌና ሰኞ ዕለት ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ወጣት ሴት ናት ሐኪሟ፤ የምትጠይቀኝን ሁሉ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ትጽፍልኛለች። መድኃኒት ሰጥታኛለች፤ በየሳምንቱ እንድመጣም አዛኛለች። ለጆሮዬም መሣሪያ ይታዘዝልሃል ብላለች። «ምን ልሰማበት?» አልኳት። «ልጅህን» ብላ ጻፈችልኝ። ያንቺን ነገር ነግሬያት ነበር።

ትናንት ሐሙስ ክላይድ በመኪናው መጥቶ ወሰደኝ። ያቺን ጠመንጃሽን ይዞልኝ መጥቶ ክበቡ ውስጥ አስረከበኝ። ምድጃው ይነዳል፣ ሁሉም ነበሩ፤ አንድም ሰው የት ከረምክ አላለኝም። ከሃምሳው አሥራ ዘጠኝ መታሁ። ይህኛው እውነተኛ ቁጥር ነው። የጥይት መያዣውን ካርታ እንኳ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ከተትኩት። ክላይድ፣ «የልጅቷን መጫወቻ አዋረድካት!» ብሎ ሰው ሁሉ ፊት ሰደበኝ። ሁለት ወር የናፈቀኝ ይህ ስድብ ኖሯል። ሲያበቃ እነሱ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጸዳኋት፤ ሮዌና ጋዜጣ አንጥፋልን ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ እያበላችን። ከዚያ ክላይድ ወስዶ ቆለፈባት።

«መቼ ትመልስልኛለህ?» አልኩት።

«መቼ ነው የምትመልስልኝ ማለት ስትተው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም።

ዳንኩ ብዬ አልዋሽሽም። ማታ ማታ ቤቱ ያው ነው። አንዳንድ ቀን ካልጋ ለመነሳት ከራሴ ጋር ድርድር እቀመጣለሁ። ግን ሐሙስ አለ፤ ሰኞ ሐኪሟ አለች፤ በመካከል ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ እየተሻገርኩ ነው።

አሁን የመጨረሻውን ልጻፍ። በፊት አትምጪ ያልኩሽ ትኬቱ ውድ ስለሆነ አይደለም። ብትመጪ ፊቴን አይተሽ ሁሉን ታውቂያለሽ ብዬ ስለፈራሁ ነው። አንቺን ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ሳሳድግ አንድ ቀን እንኳ ምንም ነገር ለምኜሽ አላውቅም፤ አጎት አይለምንም ብዬ። ዛሬ እለምንሻለሁ። ነይ። ለገና ካልሆነልሽ ለፋሲካ፣ ለፋሲካ ካልሆነልሽ በሆነልሽ ጊዜ፤ ብቻ ነይ።

እስከዚያው ሐሙስ ሐሙስ ከክበቡ ስመለስ እጽፍልሻለሁ። ከባድ በረዶ ሲጥል መንገዱ ለሳምንት ይዘጋል፣ ፖስተኛውም አይመጣም። እና ደብዳቤዬ ቢዘገይብሽ አትደንግጪ፤ በረዶውን እርገሚ፣ ፖስታ ቤቱን እርገሚ። እኔ አለሁ።

አጎትሽ
አርቮ